ለአጎቴ የተቆጠበ ናፍጣ

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት፣ ሸጎሌ ቤታችን በር ላይ፣ ፒክአፑ አጠገብ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ አባቴ አድነው፣ እናቴ ገበያነሽ፣ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ሸፊና እኔ።

እናቴ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። የደወለችው ሾዴ ናት፣ የአጎቴ የቱሉ ሚስት። አጎቴ የሚኖረው ከሙከ ጡሪ አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚያስገባ ጥርጊያ መንገድ ላይ ነው። ሳንባውን ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። የጤና ጣቢያው ሰዎች አዲስ አበባ ሆስፒታል ውሰዱት ቢሉም አልሄድም ብሎ አስቸግሮ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን፣

"እህቴ ትምጣ። እሷ ራሷ ትውሰደኝ" አለ።

ይህ ቃል ለእናቴ ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። ቱሉ ለእሷ ታላቅ ወንድም ብቻ አይደለም። እናትና አባታቸው ሲሞቱባቸው አጣና እየቆረጠ፣ ተሸክሞ እየሸጠ ያሳደጋትና ያስተማራት እሱ ነው። አባቴን አግብታ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስትጀምር ግን "ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ" አላት። ይህ የሆነው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም፤ እኔም አጎቴን አይቼው አላውቅም። እሁድ እሁድ በጸሎት ሰዓት የጸሎት ርእስ ያለው ሲባል እናቴ እጇን ታወጣና "ወንድሜ" ትላለች። ሌላ ቃል ሳትጨምር ትቀመጣለች።

"አሁኑኑ እንሂድ" አለች እማዬ።

"እንሄዳለን" አለ አባዬ። "ናፍጣውን ልየው።"

በዚያ ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ ነበር። ከዊንጌት እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ያሉት ማደያዎች በር ላይ "ናፍጣ የለም" የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። የሸፊ አይሱዙ ራሱ ሰልፍ ላይ ነበር ያደረው። እሱም ወረፋውን ለሌላ ሾፌር አደራ ብሎ ቁርስ ሊቀምስ ወደ ሰፈር ብቅ ማለቱ ነው።

የፒክአፑ የነዳጅ ጌጅ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። አባዬ ሊያሠራው አልፈለገም። እሱ የናፍጣውን ልክ የሚያውቀው ከሥር ገብቶ ታንኩን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ነው። ባዶው ቦታ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ናፍጣ ያለበት ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የተለወጠበት ላይ ጣቱን ያሳርፍና "እዚህ ነው ያለው" ይላል። ተሳስቶ አላየሁም። ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳው እኔ የምሠራበት ዊንጌት ያለው ጎሚስታ ቤት ሲመጣ ነው። ግቢው በሲሚንቶ የተለሰነ ሜዳ ስለሆነ እንደ ልቡ ይተኛበታል። እኔ ጎማዎቹን ስነፋ፣ እሱ ታንኩን ያንኳኳል።

ያን ቀን መኪናው የቆመው ግን ቤታችን በር ላይ ነበር። ሞተሪኖው ስለደከመ ሁልጊዜ አፍንጫውን ቁልቁል አድርገን እናሳድረውና ጠዋት በቁልቁለቱ አንደርድረን እናስነሳዋለን። አባዬ ካርቶን አነጠፈ፤ ከኋላ በኩል ከሥሩ ገባ፤ አንኳኳ። ሁላችንም ዝም አልን። እንደገና ዝቅ አድርጎ አንኳኳ።

"ሩብ አይሞላም" አለ ከሥር ሆኖ።

ሸፊ ሳቀ። "ጋሼ አድነው፣ የእርስዎ ሩብ እኮ ለእኛ ሙሉ ታንክ ነው። የእርስዎ መኪና ናፍጣውን አይጠጣም፣ ሽታውን ብቻ ነው የሚስበው!"

"አንተ ሂድ፣ ወረፋህን ሳይነጥቁህ" አለው አባዬ። ግን ፈገግ አለ። ሸጎሌ የሚቆሙት የፒክአፕ ሾፌሮች በዚህ ያውቁታል። ሌላው በአንድ ሙሊት ከሚሠራው እሱ ብዙ አብልጦ ይሠራል። ይቀልዱበታል፤ መኪና ሲገዙ ግን መጥተው የሚያማክሩት እሱን ነው።

ከመኪናው ሥር ወጣ። እማዬ እንደ ልማዷ የጀርባውን አቧራ በመዳፏ አራገፈችለት። እሱ ግን እያሰበ ነበር።

"እንዳለ ብንነሳ ያደርሰናል። መመለሻ ግን የለንም" አለ። "በሽተኛ ይዘን መንገድ ላይ ከቆምን ደግሞ..."



"በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጡ አሉ እኮ" አለ ሸፊ።

"ውሃና ላምባ የቀላቀሉበትን? ኖዝሉን ዘግቶ ጫንጮ ላይ ቢያስቀረኝስ? ቱሉን ኋላ አስተኝቼ?"

አባዬ መኪናውን ዞሮ አየው።

"እናቀለዋለን" አለ አባዬ። "ቀልሎ ቀስ ብሎ ከሄደ ደርሶ ይመለሳል።"

ወዲያው ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ያለውን ፖርቶ መጋላ አወረድን። ዕቃ ባይጫንበት እንኳን ነፋስ ይይዛል፣ ነፋስ ከያዘ ደግሞ ሞተሩ በከንቱ ይደክማል ይላል አባዬ። ቀጥለን መፍቻዎቹ ያሉበትን ከባድ ሳጥን፣ መጎተቻ ሰንሰለቱን፣ የጭነት ሸራውንና ገመዱን አወጣን። አየር ማጣሪያውን ፈታሁና በአፌ እየነፋሁ አቧራውን አራገፍኩ። አቧራ የያዘ ማጣሪያ ያለው ሞተር አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ጎማዎቹም ትንሽ ለስልሰው ነበር።

"ዊንጌት ወርደን በኮምፕሬሰር ልሙላቸው?" አልኩ።

"ዊንጌት ደርሶ ለመመለስ የሚቃጠለው ናፍጣ የሱሉልታን ዳገት ያወጣናል" አለ። "በእግር ፓምፑ ሞክር።"

በእግር ፓምፕ አራት ጎማ መንፋት ቀላል አይደለም። ስነፋ ስነፋ ሸሚዜ ከጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። እማዬ በዚህ መሐል ገብታ አጥሚት ሠርታ በፔርሙዝ ይዛ ወጣች። ኋላ ወንበር ላይ ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፈች፤ ትራስ አስተካከለች፤ ብርድ ልብስ አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ ፔርሙዙን አቅፋ አባዬን አየችው።

"ይሄስ ይከብዳል?" አለችው።

እንደ ቀልድ ይሁን እንደ ምር አልገባኝም። ለአባዬም የገባው አልመሰለኝም።

"እሱ ምንም አይደለም፤ ያዢው" አላት።

የመጨረሻው የቀረው ካሶኒው ላይ፣ ጭነት በሚቀመጥበት በኩል ያለው የብረት ፍሬም ነበር። አባዬ አጣና ሲጭን እንዳይንሸራተትበት ያሠራው ነው፤ ለሦስት ሰው እንኳን ይከብዳል። ብሎኖቹ ሁሉ ተፈቱ፣ አንዱ ግን ዝጎ እምቢ አለ። ዘይት አፈሰሰበት። ጠበቀ። በመዶሻ መታው። መታገል ያዘ።

"አድኑ፣ ይበቃል። እንሂድ" አለች እማዬ።

"አንድ ብሎን ነው የቀረኝ።"

"ከነፍሬሙ ይሂድ።"

"ገቢ፣ ይሄ እኮ አንድ በሬ ማለት ነው። በሬ ጭነን ዳገት እንውጣ?"

እማዬ ገቢና ገብታ ተቀመጠች። ፔርሙዙን ጭኗ ላይ አድርጋ በፊት መስታወቱ ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች። በመጨረሻ አባዬ ብሎኑን በብረት መጋዝ ቆረጠው። ፍሬሙን ከሸፊ ጋር ሆነን አወረድነው። ፍሬሙ አጥሩን ተደግፎ ሲቆም፣ መኪናው ካሶኒው ራቁቱን ሆኖ፣ የማላውቀው የሌላ ሰው መኪና መሰለኝ። ፀሐይዋም ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ወጥታ ነበር።

ሸፊ ገፋን፤ መኪናው በቁልቁለቱ ተንደርድሮ ተነሳ። "እትዬ ገበያነሽ፣ ይዛችሁት ኑ! ማታ መጥቼ እጠይቀዋለሁ!" እያለ ከኋላ እጁን ሲያወዛውዝ አየሁት።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ያለውን ዳገት አባዬ በአንድ ዓይነት ድምፅ ወጣው። ሞተሩ አንዴም አልጮኸም። ማርሹን በጊዜ ይለውጣል፣ ነዳጅ መስጫውን እንደ እንቁላል ነው የሚረግጠው። መስኮቶቹን አዘጋን። ከእንጦጦ በኩል ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጠርዝ ጠርዙን ይሄዱ ነበር። እነሱን ሲያይ ገና ከሩቅ እግሩን ያነሳል፤ ፍሬን ይዞ እንደገና ከመነሳት ከሩቁ ዝግ ማለት ይሻላል ባይ ነው። ሌሎች ሾፌሮች ቁልቁለት ሲያገኙ ማርሹን አውጥተው በፎሌ ይለቁታል። እሱ በማርሽ ነው የሚወርደው። በማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ናፍጣ አይወስድም፣ ፍሬኑም አይግልም ይላል። ይህን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲናገር ሰምቻለሁ። ያን ቀን ግን ምንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ሠራው።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሌሎቹ ማለፍ ጀመሩ። የቤት መኪናው አለፈን። ሚኒባሶቹ አለፉን። ጣሪያ የሚያህል ጭድ የጫነ አይሱዙ ሲያልፈን ጭዱ መስታወታችን ላይ በነነ። ካንዱ ሚኒባስ መስኮት ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ፣

"አባባ! ወርደው ቢገፉት ይፈጥናል እኮ!" ብሎ ጮኸ።

የሚኒባሱ ሰዎች ሳቁ። እማዬ ሚኒባሱን ከፊታችን እስኪጠፋ በዓይኗ ተከተለችው።

"አድኑ፣ ትንሽ ርገጠው" አለች።

"ከረገጥኩት መመለሻው ያልቃል።"

"ትንሽ ብቻ።"

"ገቢ፣ ወንድምሽን ይዘን መንገድ ዳር ብንቆምስ? ናፍጣ ፍለጋ ጀሪካን ይዤ ስሮጥ በፀሐይ ይቆይ?"

እማዬ እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ካገባችው ጀምሮ የሾፌር ሚስት ናት፤ የናፍጣን ነገር ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ጫንጮን ልናልፍ ስንል ሾዴ ደወለች። እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። በኦሮምኛ ነው የተነጋገሩት፤ እኔም እሰማለሁ።

"የት ደረሳችሁ? ይጠይቃል እኮ።"

"ጫንጮ። ጫንጮን አልፈናል በይው።"

ከሾዴ ጀርባ የታፈነ ትንፋሽ ይሰማል። አጎቴ አንድ ነገር ተናገረ፣ አልለየሁትም። ሾዴ "መንገድ ላይ ናት፣ መጣች" ስትለው ሰማን። ከዚያ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

እማዬ ስልኩን ጭኗ ላይ ከፔርሙዙ አጠገብ አስቀመጠችው። ቆይታ፣ "ምን ብዬ ነው የምገባው?" አለች።

"ገበያነሽ ነኝ ትይዋለሽ" አለ አባዬ።

"እሱ እኮ ገበያነሽ ብሎኝ አያውቅም። ኪያ ነበር የሚለኝ።"

ኪያ የእኔ ማለት ነው። እናቴ በዚህ ስም እንደተጠራች እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

አባዬ እግሩን ጫን አደረገ። የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፣ የፊት መስታወቱ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እማዬ ቀና አለች። እኔም ከኋላ ወደ ፊት ጠጋ አልኩ። ለትንሽ ጊዜ እንደሌሎቹ መኪናዎች ሄድን። ከዚያ አባዬ ከንፈሩን ነክሶ እግሩን መልሶ አነሳ።

"መመለሻ የለንም" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ።

ከሙከ ጡሪ በኋላ ከአስፋልቱ ወጥተን ጥርጊያውን ያዝን። መንገዱ ድንጋይ ስለበዛበት መኪናው መንገጫገጭ ጀመረ፤ እማዬ ፔርሙዙን በሁለት እጇ አቀፈችው። የባሕር ዛፉን አጥር ስንዞር አባዬ መስኮቱን ዝቅ አደረገ፤ መንገድ የሚጠይቀው ሰው ፈልጎ ነው። መጠየቅ አላስፈለገውም። ለቅሶው ተሰማ።

እማዬ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተችው።

ሾዴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። እማዬን ያዘቻት፤ ሁለቱም ግቢው መሐል ቁጭ አሉ። "አሁን ነው እኮ! አሁን!" ትላለች ሾዴ። "የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ቀና አድርጊኝ ሲለኝ ነበር። ቀና አደርገዋለሁ፤ አልፎ ይሄዳል። ሌላ ይመጣል፤ ቀና አደርገዋለሁ..."

አባዬ የመኪናውን በር ይዞ ቆሞ ነበር። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ ፔርሙዙን ከመሬት አነሳሁ። አልተሰበረም።

ቆይተው ሴቶቹ እማዬን ወደ ውስጥ አስገቧት፤ እኔም ተከትያት ገባሁ። አጎቴን ተገንዞ ነው ያየሁት። ከእሱ መደብ ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ሥር፣ አዲስ ብርድ ልብስ የለበሰ አልጋ ተነጥፏል።

"የማን ነው?" አለች እማዬ።

"ያንቺ ነው" አለች ሾዴ። "ጠዋት እሱ ነው ያስነጠፈኝ። ሆስፒታሉ ነገም አለ፣ ዛሬ እዚህ ታድራለች፣ እዚያ ጋ አንጥፊላት፣ ልያት አለ።"

እማዬ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አላለቀሰችም። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ታያለች።

ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሽማግሌዎች አባዬን ጠሩት። የዕድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ሙከ ጡሪ አንድ ሰው ቤት ነው የሚቀመጡት፤ ጋሪ ጠፍቷል፤ መኪናው ናፍጣ ካለው ብለው ጠየቁት።

"ልየው" አለ።

የአጎቴ ግቢ እንደ አውድማ የተስተካከለ ሜዳ ነው። አባዬ ከኋላ በኩል ከመኪናው ሥር ገባ። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። አንኳኳ፤ ድፍን ድምፅ ሰጠ። ከፍ አድርጎ አንኳኳ፤ ድፍን ነው። ከዚያም ከፍ አድርጎ አንኳኳ። ቆም አለና እንደገና ከታች ጀመረ።

"አክሊል፣ ዝቅ በልና ስማ" አለኝ።

ዝቅ አልኩ። ድምፁ የተለወጠው ከመሐሉ ላይ ነበር።

"ጠዋት እንዴት ነበር የቆመው?" አለኝ።

"ሁልጊዜ እንደሚያድረው" አልኩ። "ቁልቁል።"

 ናፍጣው ጠዋት በሙሉ ወደ ፊት ተኝቶ ነበር፤ እሱ ያንኳኳው ባዶውን ኋላ ነው። ለረጅም ጊዜ ከሥር አልወጣም። ከመኪናው ውጭ የሚታየው እግሩ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ መልስ እየጠበቁ ፈንጠር ብለው ቆመዋል።

እማዬ ከቤት ወጣች። "ናፍጣ አለው ወይ እያሉ ነው" አለች። "ስንት ቀረ?"

አባዬ ወጣ። ጀርባው፣ ፀጉሩ፣ ሁሉ ነገሩ አቧራ ነበር።

"ግማሽ" አለ።

"ከሩብ ተነስተን?"

"ሩብ አልነበረም፣ ገቢ። ቁልቁል እንደቆመ ነው ያንኳኳሁት።"

እማዬ መኪናውን አየችው። ራቁቱን የቀረውን ካሶኒ አየች፤ የብሎኖቹን ቀዳዳ አየች፤ ያ የተቆረጠው ብሎን ጉቶውን አውጥቶ ነበር። የሚያስረዳት ሰው አላስፈለጋትም። እጇ እንደ ልማዷ ወደ አባዬ ጀርባ ተነሳ፤ አቧራው ላይ ሳይደርስ መልሳ አወረደችው።

"ሂድ" አለችው። "ሰዎቹ ድንኳን እየጠበቁ ነው።"

አባዬ ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን በአንድ ጊዜ ጭኖ አመጣ። አጎቴ በማግስቱ እሁድ ከቀትር በኋላ ተቀበረ። ማክሰኞ ዕለት ፒክአፑን አባዬና እኔ ይዘን ወደ ሸጎሌ ተመለስን፤ እማዬ በሚኒባስ መጣች።